ሳትለዪያት አትርጪባት

ቆይ እስቲ፣ እህት ዓለም፤ ያንን ጠርሙስ አስቀምጪው። መጀመሪያ ክንድሽን ወደ መስኮቱ አዙሪልኝ። ከደባርቅ ጎንደር እስክትደርሺ አውቶቡስ ላይ ስታኪ መጥተሽ፣ ገና ሻይ ሳትጠጪ ገበያ ወርደሽ መርዝ ገዝተሽ ተመለስሽ። ምን እንደነከሰሽ ስጠይቅሽ ደግሞ «ተባይ ነው» ትይኛለሽ። ተባይማ ትኋንም ናት፣ ቁንጫም ናት፣ ቅማልም ናት። የሦስቱም መኖሪያ ለየቅል፣ የመሞቻቸውም መንገድ ለየቅል ነው። አንዷን አስበሽ የረጨሽው መድኃኒት ሌላዋን ላይነካት ይችላል፤ አንቺን ግን መንካቱ አይቀርም።

እኔ የደረሰብኝን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ሥራ እንደጀመርኩ አዘዞ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየሁ። ሌሊት ሌሊት አንገቴን እየበላኝ ሲያስቸግረኝ፣ ምንም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ገዝቼ ፍራሹን አራስኩትና በሩን ዘግቼ እላዩ ላይ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ፣ ምራቄ እየተዝረበረበ፣ ጎረቤቶቼ ደግፈው አወጡኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትኋኖቹ ተመለሱ። ብዙዎቹ ለካ ከፍራሹ ውስጥ አልነበሩም፤ ከግድግዳው ስንጥቅና ከአልጋው መጋጠሚያ ነበሩ። እንቁላላቸውን ደግሞ መርዙ አልነካውም። ያን ጊዜ ትከሻዬን ይዞ «ቆይ» የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። አንቺ ግን አለሽ።

አሁን ነጭ ሳህን አምጪ። ከጓዳ ሦስት ነገር ያዢ፤ ጥቂት ድፍን ምስር፣ ጥቂት ሰሊጥ፣ ጥቂት ጤፍ። ሳህኑ ላይ ለየብቻ አድርጊያቸው። ላቦራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት ማይክሮስኮፕ ቢኖረኝም፣ የቤት ውስጥ ተባይን ለመለየት ከእነዚህ ሦስት እህሎች የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም። ያገኘሻትን ተባይ በስኮች አጣብቀሽ ከጎናቸው አስቀምጪና አስተያዪ።

ምስሯን የምታክል፣ እንደ ምስር ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ሆና ደም ስትጠግብ የምትነፋና የምትቀላ ከሆነች ትኋን ናት። አትዘልም፣ አትበርም፤ ትሄዳለች ብቻ። እንቁላሏ ነጭ ጤፍ ይመስላል፤ የተፈለፈሉት ልጆቿም ከጤፍ ብዙ አይበልጡም። እሷን ባታገኚያት እንኳ የተወችውን ታገኛለሽ፤ አንሶላው ጠርዝ ላይ፣ አልጋው ራስጌ ከግድግዳው ጋር በሚነካካበት፣ እስክሪብቶ ያንጠባጠበ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ድንገት መብራት አብሪ፤ ስትሸሽ ትይዣታለሽ። ክንድሽ ላይ ያለው ይሄ ሦስት በተርታ የተደረደረ ንክሻ የእሷ ይመስላል፤ ከልብስ የወጣውን ገላ ነው የምትፈልገው። ግን በንክሻ ብቻ አትፍረጂ፤ አንዱን ሰው ታሳብጠዋለች፣ ሌላው ምንም አይታወቀውም።

ትኋን ታሳፍራለች እንጂ በሽታ ስታስተላልፍ አልታየችም። ማሳፈሯንም ተዪው፤ በሻንጣና በዕቃ ነው የምትጓዘው፣ ሀብታምና ድሃ አትለይም። ደም ሳታገኝ ወራት ስለምትቆይ ክፍሉን ዘግተሽ ብትሄጂም አትሞትም። የምትሞተው በሙቀት ነው። አልጋውን ፈታተሽ ደጅ አውጪና በየመጋጠሚያው ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውኃ አፍስሺበት። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ድፈኚ፣ አልጋውን ከግድግዳው አርቂ። ከዐሥር ቀን በኋላ ያንኑ ድገሚው፤ ያኔ እንቁላሎቹ ተፈልፍለዋል። ብዙ ሰው ድል ያደረገ የሚመስለውና የሚሸነፈው ይህን ሁለተኛውን ዙር ሲተወው ነው።

ቁንጫ ደግሞ ከምስር በጣም ታንሳለች፤ ሁለት የቀይ ጤፍ ፍሬ ቢገጣጠም ያህል ነው። ትኋን ከላይ ወደ ታች ጠፍጣፋ ስትሆን ቁንጫ ከጎንና ከጎን የተጨመቀች ናት፤ ለዚህ ነው በጸጉር መሐል እንደ ልቧ የምትሹለከለከው። ለመያዝ እጅሽን ስትዘረጊ ዘላ ከጠፋች ሌላ ምስክር አያስፈልግሽም። የምትነክሰው ቁርጭምጭሚትና ባት ነው። ነጭ ካልሲ አድርጊና ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ተመላለሺ፤ ወጥተው ይቆጠሩልሻል። ማታ ደግሞ ሳፋ ላይ ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ አድርገሽ ከበላዩ መብራት አብሪ፤ ብርሃኑን ብለው እየዘለሉ ይሰጥማሉ። ሻማ ከሆነ ግን ትተሽው አትተኚ።

የቁንጫ ነገር የሚገርመው ወለሉ ላይ ነው። አንቺን የምትነክስሽ ጥቂቷ ናት፤ የቀሩት እንቁላልና ትል ሆነው ከመደቡ ሥር፣ ከአቧራው ውስጥ፣ ከዶሮው ማደሪያ ናቸው። ትሏ ድር ፈትላ ከተጠቀለለች በኋላ መርዝ ብዙም አይደርስባትም፤ ወራት ትጠብቃለች። የሰው ኮቴ ሲያነቃንቃት ነው የምትወጣው። ከክረምት ዕረፍት ተመልሰሽ የተዘጋውን ክፍል ስትከፍቺ እንደ ዝናብ የወረዱብሽ ለዚህ ነው፤ «ሰው ሳይኖር ከየት መጡ?» ብለሽኝ ነበር። እና ወለሉን ጥረጊው፣ ጥርጊያውን ጥግ ላይ አትከምሪው፣ አቃጥይው። ወለሉን ደህና አድርገሽ ለቅልቂው። የቤቱን ባለቤት እማማን በደግ ቃል ለምነሽ ዶሮዎቹ ሌላ ማደሪያ ያግኙ። እናታችን ቤቱን በጥንጁት ስታጥን ቁንጫው ለአንድ ሰሞን ጋብ ይል እንደነበር አስታውሳለሁ። ማባረሩን ያባርራል፤ አቧራ ውስጥ ያለውን ልጇን ግን አይገድልም። ጢሱ ባለበት ዘግተሽ አትቀመጪ።

ሦስተኛዋ ላይ ደርሰናል። ድምፄን ዝቅ የማደርገው አፍሬ አይደለም፤ አጥብቀሽ እንድትሰሚኝ ነው። የራስ ቅማል ታሳክካለች እንጂ እምብዛም አትጎዳም። የልብስ ቅማል ግን ሌላ ናት። ቤቷ ገላሽ አይደለም፣ የልብስሽ ስፌት ነው፤ ለመብላት ብቻ ወደ ገላ ወጣ ትልና ትመለሳለች። የወገቡን፣ የብብቱን፣ የአንገቱን ስፌት ገልብጠሽ ፀሐይ ላይ እዪው። ሰሊጥ የምታክል አመድማ ነገር፣ ከክሩም ጋር የተጣበቀ ቅጫም ካለ እሷ ናት።

ይህቺ ናት ተስቦንና ግርሻን የምታመጣው። ግርሻ ድንገት ያንዘፈዝፋል፣ ራስን ይፈልጣል፣ መገጣጠሚያን ይሰብራል፤ ከቀናት በኋላ ይተውሻል፣ ዳንኩ ስትዪ ደግሞ ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። ስሙም ከዚያው ነው። ለወባ ብለን ባየነው ደም ውስጥ ስንት ጊዜ አገኘነው! በቀይ የደም ሕዋሶቹ መሐል የተጠማዘዘ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር፤ አንዴ ካየሽው አትረሺውም። በጦርነት ዘመን አውሮፓንም ያመሰ በሽታ ነበር። ዛሬ ከዓለም ጠፍቶ ጠፍቶ በዋናነት የቀረው በእኛ አገርና በአካባቢያችን ነው። ክረምት ሲገባ፣ ሰው ልብስ በልብስ ላይ ሲደርብና ማጠብ ሲያቅተው ይበዛል። ደበሎ ለብሰው በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው የሚያድሩ የአብነት ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ እስረኞች የሚያዙት ንጽሕና ስለማይወዱ አይደለም። ቅያሪ ልብስ ስለሌላቸው ነው።

አሁን ይህን ልብ በዪ። ግርሻ የሚገባው በንክሻው አይደለም፤ ቅማሏ ስትደቅቅ ነው። ተሕዋሱ ከሰውነቷ ውስጥ ነው ያለው፤ በሁለት ጥፍርሽ ስትጨፈልቂያት ይወጣና በታከከው ቆዳሽ ይገባል። ተስቦው ደግሞ በኩሷ ነው፤ ስታኪ ታስገቢዋለሽ። አያቶቻችን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በጥፍር ሲያደቅቁ አይተን አድገናል፤ አንዳንዱም በጥርሱ ነበር። አንቺ እንዳታደርጊው። ልብሱን አፍልተሽ እጠቢ፣ ስፌቱን በጋለ ካውያ ተኩሺው። የማይቀቀለውን በፌስታል ጥብቅ አድርገሽ እሰሪና ሁለት ሳምንት ሳይለበስ አስቀምጪው፤ ደም ካጣች አንድ ሳምንት እንኳ አትቆይም፣ የተረፈው ለእንቁላሎቹ ነው። እንደዚያ ያለ ትኩሳት ከያዘሽ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝተሽ ቤትሽ አትዋጪ። የግርሻ ሕክምና የመጀመሪያው መጠን ከተሰጠ በኋላ ሰውነት በኃይል ሊንቀጠቀጥና ሊዝል ስለሚችል፣ ጤና ጣቢያ ሆነሽ ሰው እያየሽ ነው መውሰድ ያለብሽ።

በምታስተምሪበት ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ ሲያክ ካየሽ በልጆቹ ፊት ስሙን አትጥሪ። ለብቻው ጥሪው፣ እናቱንም እንደ እህት አነጋግሪያት።

ልጆቹን ካነሳሁ፣ ዐይናቸው ላይ የምታርፈውን ዝንብም እዪልኝ። ወጥ ላይ የምታርፈው የቤት ዝንብና የልጅ ዐይን የምትከታተለው ዝንብ አንድ አይደሉም። ትራኮማን ከዐይን ወደ ዐይን የምትወስደው ሁለተኛዋ ናት፤ የምትራባውም በይበልጥ ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዐይነ ምድር ነው። ክዳን ያለው መጸዳጃና የታጠበ ፊት ባለበት ትመነምናለች። ለእሷ ፍሊት መንፋት ገንዘብ ማባከን ነው።

ደባርቅ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስለ ወባ ብዙም አትጨነቂ። እዚህ ጎንደር ግን፣ በተለይ ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ስትወርጂ፣ ግድግዳ ላይ ያረፈችውን ቢምቢ ተጠግተሽ እዪ። ገላዋን ከግድግዳው ጋር አስተካክላ ከተኛች ተራ ቢምቢ ናት። ቂጧን ወደ ላይ ሰቅላ እንደ ተሰካ እሾህ ከቆመች የወባዋ ናት፤ ክንፏም ነቁጥ ነቁጥ አለበት። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መባቻ በደጋው ጠርዝ የተነሣው ወባ በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ወንድማችን ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለበት፤ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ፣ ጸጉራም፣ ክንፏን ወደ ላይ ከፍታ የምታርፍ፣ ድምፅ የሌላት አሸዋ ዝንብ። ካላዛር የምታስይዘው እሷ ናት፤ ከዋልካው ስንጥቅ ትወጣለች። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ፤ ይዘሽው ነይ።

እናታችን ለስንቅ የላከችልሽ ሽምብራ ላይ ክብ ቀዳዳ ካየሽ፣ የሽምብራ ነቀዝ መስኮቷን ከፍታ ወጥታለች ማለት ነው። ሽሮው ድር ከሠራ የእሳት ራት ትል ነው። ጤፉን ግን አትመርምሪው፤ ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ የነቀዝ ልጅ ውስጡ ገብታ ልታድግ አትችልም። የቀረውን ፀሐይ ላይ አስጢና አየር በማያስገባ ዕቃ ዝጊው፤ ሦስት ድርብ ያለው ፒክስ የሚባለው ከረጢትም ነቀዙን አፍኖ ይገድላል። የነቀዝ ክኒን የሚሉትን ግን ከምትተኚበት ክፍል እንዳታስገቢ፣ ለምኜሻለሁ። እርጥበት ሲያገኝ የሚወጣው ጋዝ ሰውን በአንድ ሌሊት ይገድላል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው እህሉም አልጋውም እዚያው ነውና፣ ክኒኑ ለእሱ አልተሠራም።

ሸረሪቷን ተዪያት፣ ትንኝ ትበላልሻለች። ንብ ከገባች መስኮት ክፈቺላት፣ ገድ ነው ይባላል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈ የንብ መንጋ ነው እየተባለ ነው ያደግነው።

በይ አሁን ጋቢሽን ይዘሽ ወደ ግቢ ውጪ፤ ፀሐዩ ሳያልፍ አንሶላው ላይ እናራግፈው። ሳህኑን እኔ ይዤዋለሁ... ቆይ፣ ቆይ፣ እዚያ ጥለቱ ጋ። በጣትሽ አትንኪያት። ስኮቹን አቀብዪኝ። ምስር ነው ሰሊጥ የምትመስለው?