ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የበጌምድር ገዥ

ሀ. ምንባብ

ራስ ጉግሣ ወሌ የየጁ ገዥ የነበሩት የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱም የወንድም ልጅ ነበሩ። በ1892 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አገቡ። በጌምድርን እንዲገዙ ተሾመውም ዛሬ የደቡብ ጎንደር ርእሰ ከተማ የሆነችውን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ።

በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ዘውዱ ለዘውዲቱ ተሰጠ። የሸዋ መኳንንት ግን የንግሥቲቱ ባል በቤተ መንግሥት ቢቀመጡ የሥልጣን ተካፋይ ይሆናሉ ብለው ሠጉ። ስለዚህ ባልና ሚስት እንዲለያዩ ተደረገ። ንግሥቲቱ በአዲስ አበባ ሲቀመጡ ራስ ጉግሣ ወደ በጌምድር ተላኩ።

ዓመታት ባለፉ ቁጥር የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ ኃይል በረታ፤ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። በደብረ ታቦር ግን ቅሬታው አልበረደም። በመጨረሻም ራስ ጉግሣ ጦር ሰብስበው ተነሡ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ፣ በጦር ሚኒስትሩ በሙሉጌታ ይገዙ የሚመራውን ሠራዊት ገጠሙ። ከውጊያው በፊት አውሮፕላን የማስጠንቀቂያ ወረቀት በትኖ ነበር፤ በውጊያውም ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ሜዳ ወደቁ።

በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24 ቀን፣ ንግሥት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ንጉሥ ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ።

ለ. ማብራሪያ

«ተሰጠ»፣ «ተላኩ»፣ «ተደረገ» ተደራጊ ግሶች ናቸው። «አገቡ»፣ «ጣለ» ግን አድራጊ ግሶች ናቸው። ተደራጊ ግስ የተደረገውን ሲነግረን ያደረገውን ሊሰውርብን ይችላል። «እንዲለያዩ ተደረገ» ሲባል አንባቢ «በማን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን የሚያገኘው ከቀደመው ዐረፍተ ነገር ነው። የሰው ሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ አድራጊውን በእርግጥ ካወቀ በስሙ ሊጠራው፣ ካላወቀም ከግምት ተነሥቶ በማንም ላይ ጥፋት እንዳይጭን ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ሐ. መልመጃ

1. መኳንንቱ የሠጉት ምንን ነበር? ሥጋታቸው ተገቢ ነበርን? አሳባችሁን በምክንያት አስረዱ።

2. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አድራጊውን ባለቤት በማድረግ እንደገና ጻፉ።
   (ሀ) ባልና ሚስት እንዲለያዩ ተደረገ።
   (ለ) ሠራዊቱ በሙሉጌታ ይገዙ ተመራ።

3. በአካባቢያችሁ ስለ ነበሩ አንድ የቀድሞ ገዥ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። የሠሩትንና የተደረገባቸውን ለይታችሁ አመልክቱ።