ቲኬት ለማስቆረጥና ሆቴል ለመያዝ የሚያስፈልገን እንግሊዝኛ

ከመካከላችን ትምህርቱን ጨርሶ በንግድ ቤት ወይም በአንድ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ሥራ የሚይዝ ሰው ገና በመጀመሪያው ወር ከሚታዘዛቸው ነገሮች አንዱ ለአለቃው የአይሮፕላን ቲኬት ማስቆረጥና ሆቴል መያዝ ነው። እንግሊዝኛ ያውቃል ተብሎ የተቀጠረ ሰው ይህን አልችልም ለማለት አይደፍርም። ሥራ ሳንይዝም ቢሆን ይኸው ኃላፊነት ወደ እኛ ይመጣል። በዚህ አካባቢ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ወደ አገር ቤት ለመግባት ሲያስቡ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው «እናንተ ቋንቋ ታውቃላችሁ» በማለት የሚመጡት ወደ ተማሪው ነው። እንግዲህ አንድ ቃል በትክክል ባለመረዳታችን የሚጠፋው የአንዲት እኅት የወራት ደመወዝ ሊሆን ይችላል።

የእኛው አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር ተዋውሎ ተመሥርቶ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ጀምሮ የቲኬት ቋንቋ ለእኛ እንግሊዝኛ ነው። በክፍል የተማርነው ሰዋስው ለዚህ ሥራ አይጎድልም። የሚያስቸግረን ስማችን፣ ሰዓታችንና ቀናችን ከዚያኛው አቆጣጠር ጋር አለመግጠማቸው ነው፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ይሉኝታችን። ከዚህ በታች የእንግሊዝኛውን አነባበብ በፊደላችን ጽፈነዋል።

ከስም እንጀምር። ቲኬት ቆራጩ «ሰርኔም?» ብሎ ሲጠይቅ የቤተ ሰብ ስም ማለቱ ነው፤ እኛ ግን የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። ስለዚህ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው የራሱን ይሰጣል። መፍትሔው ፓስፖርቱን መግለጥ ነው። ፎቶግራፍ ካለበት ገጽ ግርጌ ሁለት ረዣዥም መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር ከአገራችን ምልክት ቀጥሎ ያለው፣ ሁለት የቀስት ራስ የሚመስሉ ምልክቶች ተከታትለው እስኪመጡ ድረስ፣ ሰርኔም ነው፤ ከነሱ በኋላ ያለው ፈርስት ኔም ነው። ፊደሉም ከዚያው ይቀዳል። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ልንጽፈው እንችላለን፤ የሚሠራው ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። በስልክ ስናስጽፍ ደግሞ ዐረብኛ የ«ፐ» ድምፅ ስለሌለው ጴጥሮስ «ቤትሮስ» ሆኖ እንዳይወጣ «ፒ ፎር ፓፓ» ማለት ነው። አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ የሚሄደውን የአቪየሽን የፊደል መጥሪያ በቃል ማጥናት የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

የሰዓቱ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ሁላችንም እናውቃለን፤ አደጋው ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። ቲኬቱ ቅዳሜ፣ 12 ጁን፣ 00፡40 ይላል እንበል። በእኛ አነጋገር ይህ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡40 ነው። «ቅዳሜ ሌሊት» ብሎ ቅዳሜ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን አልፎታል። ከዚህ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚነሱ በረራዎች ጥቂት የማይባሉት የሌሊት ስለሆኑ ይህን ለተጓዡ ስንነግር «ዓርብ ማታ ከቤት ትወጫለሽ» ብለን ነው መንገር ያለብን። ቀኑንም ቢሆን ሰኔን ጁን ብሎ መተርጐም አይበቃም፤ ሰኔ 5 ማለት ጁን 12 ነው። በቁጥር ብቻ 5/6 ብለን ከጻፍን ደግሞ እንግሊዙ ጁን 5፣ አሜሪካዊው ሜይ 6 ብሎ ያነበዋል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይሻላል።

አሁን ገንዘብ ወደሚያስሩት ቃላት እንምጣ። «ሪዘርቭድ» ማለት ቦታ ተይዟል ማለት እንጂ ቲኬት ተቆርጧል ማለት አይደለም። ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት ኮድ የመያዣው ነው፤ ቲኬት ሲቆረጥ 13 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ይህ ቁጥር እስኪመጣ ድረስ ሥራው አላለቀም። «ኖን-ሪፈንደብል» ገንዘቡ አይመለስም ማለት ነው። «ፍሪ ቼንጅ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሞኛል፤ የመለወጫ ቅጣት የለም ማለት ነው እንጂ፣ አዲሱ ቀን በዋጋ ከበለጠ ልዩነቱ ይከፈላል። «ዳይሬክት» የተባለ በረራ በመንገድ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የማያርፈው «ኖንስቶፕ» ነው። ከሁሉም የከፋው «ኖ-ሾው» ነው፦ ሳያስታውቅ የመሄጃውን በረራ የቀረ መንገደኛ በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ዘንድ መመለሻውም ይሰረዝበታል።

«ዊዝን ስሪ ቢዝነስ ዴይስ» ሲባልም የማን የሥራ ቀን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በግብፅ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው፤ የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች መንግሥት ግን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ዕረፍቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውሯል።

የሆቴሉ እንግሊዝኛ ቀለል ያለ ነው። «ደብል» አንድ ሰፊ አልጋ፣ «ትዊን» ሁለት አልጋ ነው፤ አለቃንና ሒሳብ ሹሙን ደብል ውስጥ ያስገባ ጸሐፊ ለረዥም ጊዜ ይሳቅበታል። «ሃፍ ቦርድ» ቁርስና አብዛኛውን ጊዜ እራት፣ «ፉል ቦርድ» ሦስቱንም ማዕድ ይጨምራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፤ ተጓዡ ቅዳሜ ንጋት ላይ የሚደርስ ከሆነና ወዲያው ማረፍ ከፈለገ ክፍሉ የሚያዘው ከዓርብ ጀምሮ ነው፤ የቅዳሜው ክፍል የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነውና።

አነጋገርን በሚመለከት «አይ ዎንት» በሚለው ፋንታ «አይድ ላይክ» ማለት ለጆሮ ይለሰልሳል። ከዚህ የሚበልጠው ግን መልሶ ማንበብ ነው፦ «ሶ ዛትስ ሳተርደይ፣ ዘ ትዌልፍዝ ኦፍ ጁን፣ አት ዜሮ ፎርቲ። ኢዝ ዛት ኮሬክት?» ያልገባን እንደሆነ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?»፤ ስለ ገንዘብ «ኢፍ አይ ካንስል፣ ሃው ማች ዱ አይ ጌት ባክ?»። እኛ ሳይገባን «የስ፣ የስ» የምንለው ሰውየውን ላለማስቸገር ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በቲኬት ጉዳይ ግን በደንብ ይነቅዛል። ዛሬ አብዛኛው ነገር በኢንተርኔት ስለሚያዝ ከሰው ጋር መነጋገር ቀርቷል የሚል ይኖራል። ቃላቱ እዚያም እነዚሁ ናቸው፤ በረራ ሲሰረዝ ወይም ስም ሲሳሳት ደግሞ ስልክ መደወል አይቀርም።

ለመልመጃ ያህል ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዳችሁ ቆራጭ፣ አንዳችሁ ደዋይ። ደዋዩ ሰኔ 20 ለጠዋት ስብሰባ ዱባይ መድረስ ላለባቸው ሁለት የንግድ ቤት ሠራተኞች የደርሶ መልስ ቲኬትና አንድ ትዊን ክፍል ይያዝ። ቆራጩ ቶሎ ቶሎ ይናገር፤ አንዱንም ስም ሆን ብሎ ያሳስት። ደዋዩ ስሕተቱን ሳያገኝ ስልኩን ከዘጋ ቦታ ተለዋውጣችሁ እንደገና ጀምሩ።