የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሕይወትና ዘመነ መንግሥት

እኛ ይህን ትምህርት ያዘጋጀን ተማሪዎች ያደግነው አዲስ አበባ፣ ቂርቆስና ካዛንቺስ ሠፈር ነው። ከካዛንቺስ ቁልቁል ሲወረድ አንድ ሰፊ ሜዳ ይገኛል። ስሙ መስቀል አደባባይ ይባላል። በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን የከተማው ትልቁ ደመራ የሚደመረው እዚያ ነው። በበዓሉ ሰሞን ሽማግሌዎች ሲጫወቱ የሁለት ነገሥታት ስም ያነሣሉ። አንደኛው ዐፄ ዳዊት ነው። ሁለተኛው ልጁ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ግማደ መስቀሉ ወደ አገራችን እንዲመጣ ያደረገው አባትየው ነው። ወሎ ውስጥ በግሸን አምባ ያሳረፈው ደግሞ ልጅየው ነው።

ለመሆኑ ይህ ንጉሥ ማን ነበር? በዘመኑ የነበረው ገበሬስ እንዴት ይኖር ነበር? ዛሬ የምናነበው ይህን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከአምባ ወደ ዙፋን

ዘርዓ ያዕቆብ የተወለደው በ1390ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በአዋሽ አካባቢ በነበረው በፈጠጋር ምድር ነው። እናቱ እግዚእ ክብራ ትባላለች። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ እየተባለ ግሸን አምባ ላይ ይታሰሩ ነበር። ዙሪያውን ገደል ነው። መግቢያው በዘበኛ ይጠበቃል። ዘርዓ ያዕቆብም እዚያ ተቀምጧል።

ወንድሙ ዐፄ ይስሐቅ ከሞተ በኋላ በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራረቁ። አገር ተጨነቀ። በ1426 ዘርዓ ያዕቆብን ከአምባው አውርደው አነገሡት። ያን ጊዜ ዕድሜው 35 ዓመት ገደማ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አክሱም ሄዶ የዘውዱን ሥርዓት ፈጸመ።

አገር እንዴት ገዛ?

ዘርዓ ያዕቆብ ብርቱ ንጉሥ ነበር። የተበታተነውን ሥልጣን ወደ ራሱ ሰበሰበ። በሰሜን በባሕሩ በኩል ያለውን አገር የሚገዛውን የባሕር ነጋሽን ሥልጣን ከፍ አደረገ። በየአውራጃው ጨዋ የሚባሉ ወታደሮችን አሰፈረ። አንዳንዱን አገር ደግሞ ለገዛ ሴቶች ልጆቹ ሰጥቶ አስገዛ። የአዳሉ ገዥ በድላይ በመጣ ጊዜ ራሱ ዘምቶ ታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ጎሚት በተባለ ቦታ ድል አደረገው። በድላይም በጦርነቱ ሞተ።

የዚያ ዘመን ነገሥታት እንደ ዛሬው ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። ዛሬ ቂርቆስና ካዛንቺስ ያሉበት አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ነው። የንጉሡ ከተማ ድንኳን ነበር። ድንኳኑ በሄደበት ሠራዊቱም፣ ካህናቱም፣ አገልጋዩም ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሰው ይበላል፣ ከብቱም ይግጣል። ቀለቡ ከየት ይመጣል? ከገበሬው ጎተራ ነው። በየአውራጃው የሰፈረውን ወታደር የሚቀልበውም ያው ገበሬ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ ግን በመጨረሻ ዘመኑ ሸዋ ውስጥ ደብረ ብርሃንን ቆርቁሮ ተቀመጠ።

የጻፈ ንጉሥ

ዘርዓ ያዕቆብ ተዋጊ ብቻ አልነበረም። መጻሕፍት ደርሷል፣ አስደርሷል። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በእርሱ ስም ይታወቃሉ። የቅዳሜና የእሑድ ሰንበት ክርክር ካህናቱን ለረጅም ጊዜ ከፋፍሎ ነበር። በ1442 ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርጎ ሁለቱም ቀናት እንዲከበሩ አስወሰነ፣ ተጣልተው የነበሩትንም አስታረቀ። ካህናት በሰንበት ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩም አዘዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በብራና፣ በግዕዝ ነው። አራሹ ደግሞ ቤቱ የሚናገረው ግዕዝ አልነበረም። ትምህርቱ በጆሮ የሚሰማ እንጂ በዓይን የሚነበብ አልነበረም። ካህኑ ያነባል፣ ሕዝቡ ይሰማል። ካህኑ ያስቀረውን ሕዝቡ አያውቀውም።

በዜና መዋዕሉ፣ ማለትም በንጉሡ የታሪክ መጽሐፍ፣ አንድ የሚገርም ነገር ተጽፏል። ንጉሡ ጣዖት ማምለክን ለማጥፋት ሲል ሰው ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም እንዲጽፍ አዘዘ። በሁለቱ እጆቹም ላይ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ቃል እንዲጽፍ አዘዘ። እንግዲህ ገምቱት። ገበሬው በገዛ ግንባሩ ላይ ጽሑፍ ተሸክሞ ይሄዳል። ግን ሌላ ሰው ካላነበበለት ምን እንደሚል አያውቅም! ፊደል በሰውነቱ ላይ ነበረ፤ በእጁ ግን አልገባም።

የፍርሃት ጊዜ

ዜና መዋዕሉ በዚያ ዘመን በሕዝቡ ላይ ትልቅ ፍርሃት እንደወደቀ ይናገራል። ጣዖት አምልከሃል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ብርቱ ቅጣት ይደርስበታል። ሐሰተኛ ከሳሾችም በዙ። ንጉሡ ከገዛ ልጆቹ እንኳ አልማረም። በዚሁ ክስ ተቀጥተው የሞቱ አሉ። የአልጋ ወራሹ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ተደብድባ ሞተች።

የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የሆኑ መነኮሳት በሃይማኖት ሥርዓት ተከራከሩ፣ ለንጉሡም አንሰግድም አሉ። የካቲት 2 ቀን 1446 በድንጋይ ተወግረው ተገደሉ። ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በሰማይ ብርሃን ታየ ይባላል። ንጉሡ ሥራዬን እግዚአብሔር ወደደው ብሎ ቦታውን ደብረ ብርሃን አለው። የተገደሉት መነኮሳት ወገኖች ደግሞ የራሳቸውን ታሪክ ጽፈው አቆዩ። እነርሱም ስለጻፉ የሁለቱንም ወገን ቃል ዛሬ ማንበብ ተችሏል። ባይጽፉ ኖሮ የቀረልን የንጉሡ ቃል ብቻ ነበር።

ዘርዓ ያዕቆብ 34 ዓመት ገዝቶ በ1460 ሞተ። ልጁ በእደ ማርያም ሲነግሥ ብዙ እስረኞችን ፈታ።

በዚያው ዘመን በኮርያ

ኮርያ በሩቅ ምሥራቅ ያለች አገር ናት። ስሟን ከአባቶች ሰምታችሁ ይሆናል። በ1943 የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደዚያ ሲዘምቱ ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ነበር። ጣቢያው ያለበት ለገሃር ቂርቆስ ውስጥ ነው።

በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ኮርያን የሚገዛው ሴጆንግ የሚባል ንጉሥ ነበር። የነገሠው ከ1410 እስከ 1442 ነው። ኮርያውያን ያን ጊዜ የሚጽፉት በቻይና ጽሕፈት ነበር። ያን መማር ብዙ ዓመት ይፈጃል። ተራው ሰው የት አባቱ ጊዜ አግኝቶ ይማረው? ሴጆንግ ይህን አይቶ ከሕዝቡ ንግግር ጋር የሚስማማ 28 ፊደል አወጣ። በ1439 በአዋጅ አወጀው። ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ ተቃወሙ። ፊደሉ ግን ዛሬም በኮርያ ይሠራበታል። ይኸው ንጉሥ ከዚያ በፊት ልምድ ያላቸው ገበሬዎች ተጠይቀው የእርሻ መጽሐፍ እንዲጻፍ አድርጓል። ሴጆንግም ንጉሥ ነው፤ በአገሩ ባሪያና ጌታ ነበረ። ቢሆንም ፊደሉን ለተራው ሰው ብሎ አወጣ።

ምን እንማራለን?

እኛ ፊደል አልጎደለንም። ፊደላችን ከሁለቱ ነገሥታት በፊት ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። የጎደለው ለአራሹ የሚያደርሰው ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ሲጀመር ዘርዓ ያዕቆብ ከሞተ 511 ዓመት ሆኖት ነበር። ዘመቻው ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሰው በአፉ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ ጀመረ።

ስለዚህ የንጉሥ ታሪክ ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ማን ጻፈው? ቀለቡን ማን ከፈለ? ያልተጻፈለትስ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። የመሬት ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የብድር ውል ሲመጣላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። የማታውቁት ቃል ካለ ጠይቁ። በስማችሁ የተጻፈውን ራሳችሁ እወቁት።

ጥያቄዎች

1. ዘርዓ ያዕቆብ ከመንገሡ በፊት የት ተቀምጦ ነበር? ለምን?
2. ንጉሡ ለአገር ከሠራው መልካም ነገር ሁለቱን ንገሩ። ሕዝቡን ካስፈራው ነገርም ሁለቱን ንገሩ።
3. ግንባሩ ላይ የተጻፈበት ገበሬና ዛሬ ማንበብ የቻለ ገበሬ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. በመንደራችሁ ሽማግሌዎች የሚያውቁት፣ ግን ያልተጻፈ ታሪክ አለ? ጠይቃችሁ አምስት መስመር ጻፉ።