ከኩበት ምድጃ እስከ ገብስ ማሳ
ለሰበካ ጉባኤያትና ለአባቶች ካህናት የቀረበ የመታሰቢያ ትምህርት

በቅርቡ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩን የሥራ ባልደረባችን ስማቸው በዚህ ጽሑፍ አይጠቀስም። በሕይወት ሳሉ በሪፖርት ላይ ስማቸው ሲጻፍ እንኳ «ሥራው የገበሬው ነው» እያሉ ያስሰርዙ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ፈቃዳቸውን መጣስ አልወደድንም። በጸሎተ ፍትሐቱ የክርስትና ስማቸው ተጠርቷል፤ ያ ይበቃል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ያገለገሉባቸው አጥቢያዎች ካህናት ግን ይህን አንቀጽ ሳይጨርሱ ማንነታቸውን እንደሚለዩ አልጠራጠርም። ከእጃቸው የማትለየውን ያችን ቀጭን የወይራ ዱላ የማያስታውስ የለምና። ስለ ዱላይቱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

አዳም በገነት ሲቀመጥ ሁለት አደራ እንደ ተሰጠው ከኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛው ምዕራፍ እንማራለን፤ አንደኛው ምድሪቱን መሥራት፣ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልደረባችን በጉባኤ ሁሉ የሚያነሡት ሁለተኛውን ነበር። የነገረ መለኮት ትምህርት አልተማሩም፤ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። እኔ በዲፕሎማ የተማርሁትን እርሳቸው በአፈር አስረዱኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የአካባቢው ችግር የታወቀ ነው። ገለባው ለከብት ይሰጣል፤ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ አመዱ ከደጅ ይደፋል። እንዲህ ሲሆን ከማሳው የወጣው ወደ ማሳው አይመለስም፤ መሬቱም ዓመት ዓመት ይሳሳል። ብዙዎቻችን መፍትሔውን «ኩበት አትንደዱ» በሚል ስብከት ልንጨርሰው እንሞክራለን። እርሳቸው ይህን ፈጽሞ አይሉም ነበር። «ባልቴቲቱ በምን ትጋግር?» ብለው ይጠይቁና ማንም የማይፈልገውን ይሰበስባሉ፦ የበረት ጥራጊ፣ የከብት ሽንት የጠጣ ጭድ፣ ፍሬ ሳይቋጥር የታረመ አረም፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የረገፈ ቅጠል፣ በንግሥ ማግሥት የሚጠረግ ቄጠማ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይጨምሩም፤ ጠንካራና ቶሎ የማይበሰብስ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታች አየር የሚያስገባ የጭራሮና የአገዳ ንጣፍ ይደረጋል። በላዩ ደረቅ ገለባ፣ ቀጥሎ እርጥብ ቅጠል፣ ቀጥሎ እበት ወይም የበረት ጥራጊ፣ ከዚያ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ ይነጠፋል፤ ይህም እየተደጋገመ ይሞላል። እያንዳንዱ ንጣፍ ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ነገር ግን አይጥለቀለቅም። ከላይ በጭቃና በቅጠል ይለበጣል። ያች ዱላ እንግዲህ በመካከሉ ትተከላለች። ከሳምንት በኋላ ስትሳብ ሞቃና ርሳ ብትወጣ ሥራው በደኅና ተጀምሯል ማለት ነው። ደርቃ ብትወጣ ውኃ ጎድሏል። ቀዝቅዛና ሸትታ ብትወጣ ደግሞ ውኃ በዝቷል ወይም አየር አጥሯል፤ ተገልብጦ እንደ ገና ይነጠፋል። በሞቃት አገር ሦስት ወይም አራት ወር ይበቃዋል ይባላል፤ በእኛ ብርድ ግን ከዚያ በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። የበሰለው ከመዝራት በፊት በማሳው ተበትኖ ወዲያው በማረሻ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ በፀሐይ ላይ ካደረ ኃይሉን ያጣል።

ይህን የተማርነው በስሕተት ጭምር ነው። በአንድ አጥቢያ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያስቆፈርነው በሐምሌ፣ ያውም ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ነበር። ክረምቱ ሞላው፤ በጾመ ፍልሰታ ምእመናን ለቅዳሴ ሲሰበሰቡ ሽታው ግቢውን አወደው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የበጀት ዓመቱን ሪፖርት ለማድረስ ቸኩዬ ነበርና። ባልደረባችን ግን ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተው፣ እኔን ሳይጠቅሱ፣ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። በክረምት በመሬት ላይ መከመር፣ ጉድጓዱን ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ፣ ቅጠሉ ገና ለምለም ሳለ መቆፈር እንደሚገባ ያን ዕለት ለሕዝቡም ለእኔም አስተማሩ።

ዘዴው የእርሳቸው ፈጠራ እንዳልሆነ ዘወትር ይናገሩ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በትግራይ በአራት የገበሬ ማኅበረሰቦች የተጀመረውን ሥራ ያነሣሉ። በዚያ ሥራ እንግሊዛዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ ሱ ኤድዋርድስና ባለቤታቸው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ከገበሬዎችና ከክልሉ ግብርና ባለሙያዎች ጋር ደክመዋል። በብዙ ማሳዎች በኮምፖስት የለማው ሰብል በፋብሪካ ማዳበሪያ ከለማው አላነሰም። ባልደረባችን ይህን ሲናገሩ ግን የፋብሪካውን ማዳበሪያ አይረግሙም ነበር። ብድር ገብቶ የገዛ ገበሬ ዝናብ ሲቀርበት በሬውን እንደሚሸጥ አይተዋልና፣ የሚያስጨንቃቸው ዕዳው ነበር።

ሌላው የሚወዱት ርእስ ጾም ነበር። የጾም ወጣችን ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ነው። እነዚህ ሰብሎች በሥራቸው እባጭ ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ይመገባሉ፤ ቅሪታቸው በማሳው ሲቀር ተከትሎ የሚዘራው ገብስ ይጠቀማል። ገብስ በገብስ ላይ የሚደጋግመውን ገበሬ «ማሳህንም አስጹመው» ይሉት ነበር። ሰው ይስቃል፤ ግን በዓመቱ ባቄላ ዘርቶ ይገኛል።

አኗኗራቸውም እንደ ንግግራቸው ነበር። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ካፖርት፣ አንድ የጎማ ጫማ ነበራቸው። ከውሎ አበላቸው የሚተርፈውን የት እንደሚያደርሱት ከሞቱ በኋላ ነው ያወቅነው፤ ለቅሶ ከመጡት መካከል ማንም የማያውቃቸው ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እውነቱን አጎድላለሁ። ሕመማቸውን ለብዙ ወራት ደብቀዋል፤ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ስንለምናቸው «ገንዘቡ ለዘር ይሁን» ይሉን ነበር። ይህን ለማንም አርአያ አድርጌ አላቀርበውም። ራስን መጠበቅም የአደራው ክፍል እንደ ሆነ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልሁ።

ስለ ተዝካራቸው ለቤተ ሰባቸው የተዉት ቃል በአጥቢያው ክርክር አስነሥቶ ነበር። ጸሎቱ እንዲደረስ፣ ነዳያን እንዲመገቡ፣ ነገር ግን ለድግሱ ማንም እንዳይበደር አዝዘዋል። «የሰው ዐይን ምን ይላል?» ያሉ ዘመዶች ነበሩ። የደብሩ አስተዳዳሪ የተዝካር ፍሬው ጸሎቱና ምጽዋቱ እንጂ የበሬው ብዛት እንዳልሆነ ገልጸው አስማሙ። በአርባው ቀን ሽሮና የገብስ እንጀራ ቀረበ፤ ነዳያኑም ጠግበው ሄዱ። በልባቸው ያልተስማሙ አሁንም አሉ፤ ጉዳዩን እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከአባቶች ጋር ቢመክርበት መልካም ይመስለኛል።

ዘንድሮ በዚያው አጥቢያ አዲስ ጉድጓድ ይቆፈራል። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ነው፤ ሥራው መስቀል ካለፈ በኋላ ይጀመራል። ቄሰ ገበዙ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ያለ ቦታ መርጠው በድንጋይ ከልለውታል። ዱላይቱንም ቤተ ሰቡ ለሰበካ ጉባኤው ሰጥቶ በዕቃ ቤት ተቀምጣለች።