ሶፍትዌሩን ከመቀየርዎ በፊት፦ ኮሶዬ ላይ ቤት ሲነድፉ ማወቅ ያለብዎ

ፕላን ነዳፊ ሲቸገር መጀመሪያ የሚወቅሰው ሶፍትዌሩን ነው። አውቶካዱ ተንቀራፈፈ፣ አርኪካዱ ጣሪያውን አበላሸ፣ ሬቪቱ ክፍሉን አልዘጋም ይላል፤ ከዚያ አዲስ ቨርዥን ወይም ሌላ ፕሮግራም ፍለጋ ይወጣል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮሶዬ፣ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ባላለ ተዳፋት ቦታ ላይ ቤት ሲነደፍ የሚያጋጥመው ችግር ግን አብዛኛው አዲሱ ፕሮግራም ውስጥም ተከትሎዎት ይገባል። ፕሮግራሙ ያልነገሩትን ነገር በራሱ ግምት ይሞላል፤ ግምቱ ደግሞ ለአሜሪካ ወይም ለአውሮፓ ቤት የተሰፋ ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ምን እንዳልነገሩት ይፈትሹ።

ቦታው የት እንደሆነ ነግረውታል?

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀያሽ የሚሰጥዎ የይዞታ ማዕዘን ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ በዩቲኤም ዞን 37 የተጻፉ ናቸው። ኮሶዬ አካባቢ የሰሜኑ ቁጥር ከ1,400,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነውና። ቁጥሩን እንዳለ ካስገቡት፣ 12 ሜትር የማይሞላ ቤት ከፋይሉ መነሻ 1,400 ኪሎ ሜትር ርቆ ይነደፋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር ሲሸከም ሚሊ ሜትሯ ላይ ይስታል፦ መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ክቡ ማዕዘን ያወጣል፣ ሃቹ አልሞላ ይላል፣ ስናፑ ጎን ይይዛል። ሬቪትማ ሥዕሉ ከመነሻው በጣም ሲርቅ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ይጀምራል። መላው ቀላል ነው። አንዱን የግቢ ማዕዘን ዜሮ፣ ዜሮ ያድርጉ፤ ትክክለኛውን የዩቲኤም ቁጥሩን ግን ፕላኑ ላይ በግልጽ ይጻፉት። መሠረት የሚያወጣው ሰው መሬት ላይ የሚመለሰው በእርሱ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የካርታው መነሻ ነው። በሀገራችን ለረጅም ጊዜ የተሠራበት አዲንዳን ነው፤ የስልክዎ ጂፒኤስና ጉግል ኧርዝ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ሜዳ ላይ 200 ሜትር ጎረቤት ማሳ ውስጥ ያስገባዎታል፤ ኮሶዬ ላይ ከአፋፉ በታች ሊያወርድዎ ይችላል። ቀያሹን «የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም ይጻፉ።

ፀሐይስ? ስኬችአፕን አዲስ ሲከፍቱት ራሱን ያስቀመጠው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ነው፤ 40 ዲግሪ ሰሜን። ኮሶዬ ያለችው 12.8 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታኅሣሥ ላይ የቦልደር የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ትነሣለች፤ የኮሶዬዋ ወደ 54። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ እስከ ሳሎኑ መሃል ዘልቃ የምትገባው ፀሐይ፣ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ከመስኮቱ ሥር ብዙም አትርቅም። ቤቱን ታሞቃለች ብሎ ለተማመነባት የደጋ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በተጨማሪም ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግድም የኮሶዬ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ቦልደር ላይ ይህ ከቶ አይሆንም። ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱን (37.6 አካባቢ) እና የሰዓት ቀጠናውን (ሲደመር 3) ካስተካከሉ ችግሩ በደቂቃ ያልቃል።

መለኪያው ምንድን ነው?

በሜትር የተነደፈ ፋይል በሚሊ ሜትር ወደተከፈተ ፋይል ሲገባ 12 ሜትር ቤት 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሥዕሉ 25.4 ጊዜ ካደገ ወይም ካነሰ ደግሞ አንዱ ፋይል በኢንች ነው የተከፈተው። በር ይለኩ፤ 90 ሳንቲ ሜትር ካልመጣ ሌላ ነገር ሳይነኩ የመለኪያ ቅንብሩን ያስተካክሉ።

ግድግዳው ከምንድን ነው?

ብዙዎቹ የመኖሪያ ቤት ፕሮግራሞች በተለይ አሜሪካ ሠራሾቹ ሲከፈቱ የሚያቀርቡልዎ ግድግዳ የእንጨት ቋሚና የጂፕሰም ቦርድ ነው። እርስዎ የሚሠሩት ግን በብሎኬት፣ በድንጋይ ወይም በጭቃ ነው። የራስዎን የግድግዳ ዓይነት ይሥሩ፦ 20 ሳንቲ ብሎኬት፣ ከግራና ከቀኝ 2፣ 2 ሳንቲ ልስን። ልኬቱ የተወሰደው ከብሎኬቱ ፊት ይሁን ከልስኑ ፊት አስቀድመው ይወስኑ። 3.60 ያሉት መኝታ ቤት ተለስኖ ሲያልቅ 3.56 ነው፤ ቁም ሳጥን ያዘዘ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። የጭቃ ግድግዳ ውፍረት እንደ መራጊው እጅ ስለሚለያይ ልኬቱን ከውስጥ ፊት ይውሰዱ።

ተዳፋቱና ክዳኑ

የግቢውን ተዳፋት ከጉግል ኧርዝ አውርደው አይንደፉበት። በነፃ የሚገኘው የከፍታ መረጃ ባመዛኙ በየ30 ሜትሩ የተወሰደ ነው፤ 300 ካሬ ግቢ በሁለት ነጥቦች መካከል ተውጦ ይቀራል። ቀያሹ ማዕዘኖቹን ብቻ ሳይሆን መሃሉንም ከፍታ እንዲለካ ይክፈሉት። ከዚህ ሁሉ ወጪ የማይቆጨኝ ይኼ ነው።

ክዳን እምቢ የሚለው ብዙውን ጊዜ በ«ኤል» ቅርጽ ቤት ላይ ነው። ሳሎኑ 5 ሜትር፣ የመኝታው ክንፍ 3.60 ሜትር ስፋት ቢኖራቸውና ክዳኑ በየሜትሩ 30 ሳንቲ ቢነሣ፣ የሳሎኑ ጉልላት ከግድግዳው ጫፍ 75 ሳንቲ፣ የክንፉ 54 ሳንቲ ይነሣል። የ21 ሳንቲው ልዩነት ስሕተት አይደለም፤ እንዲያው መሆን ያለበት ነው። እውነተኛው ብልሽት ሌላ ነው፦ ቁልቁለቱን ለመከተል የክንፉን ወለል 60 ሳንቲ ዝቅ ሲያደርጉ ፕሮግራሙ የግድግዳውን ጫፍም አብሮ ዝቅ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ለሁለት ይሰነጠቃል። የሁሉንም ግድግዳ ጫፍ በአንድ ከፍታ ይሰሩት፤ ቁመቱ ወደ ታች ይደግ። የሳሎኑ 2.80 ከሆነ የክንፉ 3.40 ይሁን።

ደጋግሞ እምቢ ካለዎ ግን ችግሩ ከፕላኑ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ ያልገጠመለትን ማዕዘን አናጢውም በወራጅና በማገር አይገጥመውም፤ ሁለቱ ክዳኖች የሚገናኙበት አሸንዳ በረዶ የጣለ ቀን ተደፍኖ ውሃውን ወደ ኮርኒሱ ይመልሰዋል። እኔ ብሆን ቤቱን ቀጥ አድርጌ ሁለት ፊት ክዳን እሰጠዋለሁ።

ከታች ዕቃ ቤት የማውጣት ሐሳብ ካለዎ አስቀድመው ማዘጋጃ ቤቱን ያነጋግሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤትን ምድብ «ሀ» ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ያለ ምድር ቤት እንደ ፎቅ ከተቆጠረ ግን ምድቡም፣ ፕላኑን መሥራት የሚፈቀድለት ባለሙያም ሊለወጥ ይችላል።

ፋይሉ ከእርስዎ ኮምፒውተር ውጭ ይከፈታል?

ትልቅ ወረቀት ለማተም ጎንደር መውረድዎ ስለማይቀር ይህን ከመንገዱ በፊት ይጨርሱ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ «መኝታ ቤት» ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ይጻፉ። ኒያላ ፊደልም ቢሆን በዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ አብሮ የሚመጣ አይደለም፤ ኤብሪማ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ፒዲኤፍ አድርገው ይዘው ይሂዱ፤ ፊደሉም ስኬሉም አይናጋም።

የአውቶካድ ፋይል ዓይነት በ2007፣ በ2010፣ በ2013 እና በ2018 ቨርዥኖች ተቀይሯል፤ የቆየው አዲሱን አይከፍትም። ለሌላ ሰው ሲሰጡ በ2007 ወይም በ2010 ዓይነት ያስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ የጠፋ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ አለ፤ ካልተቀየረ አውቶካድ በየ10 ደቂቃው ያስቀምጣል፤ ወደ 3 ያውርዱት። ሌላው ከፍላሽ የሚመጣው ነው፦ ሳያውቁት በየፎልደሩ «አካድ» የሚል ትንሽ ፋይል ከተባዛ ቫይረስ ነው። ፕሮግራሙን አራግፎ መጫን ብቻውን አያጠፋውም፤ ፎልደሮቹ ይጽዱ።

ታዲያ መቼ ይቀየር?

ፕላኑ፣ ፊቱና ቁርጡ እርስ በርስ የማይስማሙ ከሆነና ይህ የሚሆነው ወለል በተለወጠ ቁጥር ከሆነ፣ በመስመር ከመንደፍ ወደ ሞዴል መሻገር ዋጋ አለው። ተዳፋት ላይ አንድ ወለል 20 ሳንቲ ዝቅ ሲል ሦስት ወረቀት በእጅ ማስተካከል አድካሚ ነው። ወጪውን ግን ያስሉ፦ አውቶካድንና ሬቪትን የሚሠራው አውቶዴስክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ቋሚ ፈቃድ አይሸጥም፣ ኪራይ ብቻ ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ። አውቶዴስክም፣ የአርኪካድ ሠሪው ግራፊሶፍትም ለተወሰነ ጊዜ መሞከሪያ ይሰጣሉ። በመሞከሪያው አዲስ ሥራ አይጀምሩ፤ ከዚህ ቀደም ተሠርቶ ያለቀ አንድ ቤት መልሰው ይንደፉበት፣ ከነተዳፋቱና ከነክዳኑ፣ እስከ ፒዲኤፍ ድረስ።