የወተት ላም ቀለብ፦ መቼና ምን ያህል?

በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ ወተት ሸጠው ቤታቸውን ለሚያስተዳድሩ እናቶች የላም ቀለብ የኑሮ ጥያቄ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ገንዘቡም ውሱን ነው። ታዲያ ያለውን ቀለብ ዕለት በዕለት እኩል ማከፋፈል ይሻላል ወይስ ላሚቱ በወለደችበት ሰሞን አብዝቶ ኋላ መቀነስ? ይህን በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

የተሻሻለ ዝርያ ያላት ላም ወተቷ ከወለደች በኋላ እየጨመረ ሄዶ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳል። የመብላት አቅሟ ግን ዘግይቶ፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ይሟላል። በዚህ መካከል የጎደለውን ከገላዋ ስብ ትሞላለች። ክሳቷ ሲበዛ ወተቷ ሊደርስበት ከሚችለው መጠን ሳይደርስ ይቀራል፤ ዳግመኛ የምትፀንስበትም ጊዜ ይራዘማል። ያመለጠውን ወተት በኋላ በሚሰጥ ቀለብ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ መኖ ይበልጡን ወደ ሥጋ ይሄዳልና።

በምሳሌ እናስረዳ። በቀን 2 ኪሎ ለ300 ቀናት ብንሰጥ ጠቅላላው 600 ኪሎ ይሆናል። ይኸንኑ 600 ኪሎ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት 4 ኪሎ፣ በቀሩት 200 ቀናት 1 ኪሎ አድርገን ማከፋፈል እንችላለን። ወጪው አልጨመረም፤ ቀለቡ ግን ላሚቱ አብልጣ በምትፈልገው ጊዜ ደረሰላት።

ይሁን እንጂ ይህ በሁሉም ስፍራ እኩል አይሠራም። በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ላሚቱ ጥሩ ሣር እስክትጠግብ ካገኘች የአከፋፈሉ ስልት በጠቅላላው ወተት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ነው። በእኛ አካባቢ ግን በጂላል ደረቅ ወራት የሚገኘው በአብዛኛው የማሽላና የበቆሎ አገዳ ነው፤ አገዳም ገንቢ ምግቡ አነስተኛ ስለሆነ የወለደችን ላም ብቻውን አይችላትም። ስለዚህ በጂላል ለምትወልድ ላም ቀለቡን አስቀድሞ ማስቀመጥ ይገባል። በካራን ዝናብ ሣሩ ለምልሞ ሳለ ለወለደችው ግን ከፉርሽካው ቆጥቦ ለደረቁ ወራት ማቆየት ብልህነት ነው። ወተቷ ጥቂት የሆነ የአገር ላምም ለብዙ ፉርሽካ በወተት አትከፍልም፤ ለእርሷ መጠነኛ ድጎማ ይበቃል።

ሦስት ነገሮችን እናስታውስ። አንደኛ፣ ቀለብ በአንድ ጊዜ ቢበዛ የላሚቱን ሆድ ያውካል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ይበል፣ በቀንም ተከፋፍሎ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ከወተቱ 100 እጅ 87ቱ ውኃ ነውና ውኃ ያላገኘች ላም የበላችው ፉርሽካ አያልባትም። ሦስተኛ፣ ከመውለዷ 2 ወር አስቀድማ ትንጠፍ፤ ያን ጊዜ ገላዋ እንዳይጎዳ ትቀለብ።

እንግዲህ ፉርሽካ ከመግዛታችን በፊት ላማችን መቼ እንደምትወልድ እንቍጠር። ጥቂቱ ቀለብ በጊዜው ሲሰጥ ለጥጃዋም፣ ለሕፃናቱም፣ ለገበያውም ይተርፋል።