ከዴንቨር እስከ አዲስ አበባ፦ ጉዞውን የሚያስረዝመው ርቀቱ ነውን?

ሴንትራል ፓርክ የተባለው የዴንቨር ሰፈር ያረፈበት መሬት እስከ እ.ኤ.አ. 1995 ድረስ የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የቀድሞው መቆጣጠሪያ ማማ ዛሬም በቤቶቹ መካከል ቆሞ ይታያል። ማረፊያው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢዛወርም፣ በዴንቨርና በአጎራባቿ ኦሮራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥያቄ አልተለወጠም፦ አገር ቤት ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ለሠርግ የሚሄድ ሰው ይህን የሚጠይቀው ዕቅዱን ለማውጣት ነው፤ መርዶ ሰምቶ ለሚጣደፍ ግን ጉዳዩ ለቀብር የመድረስና ያለመድረስ ነው።

ከዴንቨር እስከ ቦሌ ያለው አጭሩ የአየር መንገድ 13,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ መስመሩ አትላንቲክን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ይመስላል። በሉል ላይ ክር ቢወጠር ግን ክሩ በካናዳ በኩል ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከግሪንላንድ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ አልፎም በአየርላንድ፣ በፈረንሳይ፣ በደቡብ ጣሊያን፣ በሊቢያ፣ በግብፅና በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይወርዳል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን ርቀት ሳያርፍ ቢጓዝ 15 ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

መንገደኛው በሌላ ከተማ አውሮፕላን ሲቀይር ርቀቱ የሚጨምረው ከሚገመተው በታች ነው። በፍራንክፈርት በኩል 13,440፣ በዋሽንግተን በኩል 13,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዋሽንግተን የሚጨመረው 500 ኪሎ ሜትር ከ35 ደቂቃ በረራ አይበልጥም። ስለዚህ 15ቱን ሰዓት ወደ 20 ወይም ወደ 30 የሚያደርሰው በዋናነት በምድር ላይ ያለው ጥበቃ ነው።

የመልስ ጉዞው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የክንፉም የሞተሩም ኃይል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ይቸገራል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ከፊት ይገጥመዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሳያርፍ ሲበር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ዴንቨርም ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከአውራ መንደርደሪያዎቿ አንዱ 4,877 ሜትር ርዝመት አለው።

የሰዓት ልዩነቱም ስሌቱን ያምታታል። አዲስ አበባ ከዴንቨር በክረምቷ 10፣ በበጋዋ 9 ሰዓት ትቀድማለች። በዴንቨር ክረምት ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ 20 ሰዓት የተጓዘ ሰው ቦሌ የሚደርሰው ማክሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ በሰዓቶቹ ብቻ ከተቆጠረ 30 ሰዓት የፈጀ ይመስላል።

ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ ከመድረሻው ሰዓት ይልቅ ጠቅላላውን የጉዞ ሰዓትና የጥበቃውን ርዝመት ማየት ይበጃል። ጥበቃው እጅግ ማጠሩም ቢሆን ለጥድፊያ አይጠቅምም፤ የመጀመሪያው በረራ ጥቂት ከዘገየ ቀጣዩ ያመልጣል፣ በቀን አንዴ ብቻ በሚበርበት መሥመር ላይ ደግሞ ያ አንድ ሙሉ ቀን ያሳጣል።